ጋሪው የተከፈለበት ቅዳሜ

ዘርፉ እጇን ከክላክሱ ላይ ሳታነሳ ሚኒባሷን ወደ አዳራሹ ግቢ አስገባች። ሰው ሁሉ ሲወጣ እሷ ትገባለች። ነጭ ካናቴራና አረንጓዴ ኮፍያ ያደረገው ጉባኤተኛ ከሦስቱም በር እየተግተለተለ በመኪናዋ ግራና ቀኝ ያልፋል። አንዱ መስኮቷን አንኳኩቶ፣ «እህት፣ ለደቡብ የተላክሽው መኪና ነሽ?» አላት። መልስ ሳትሰጠው ሌላው በዚያኛው በኩል በሩን እየጎተተ፣ «ኧረ ይቺ የእኛ ናት! የኦሮሚያ ናት!» ብሎ ጮኸ።

«የማንም አይደለሁም! ሽማግሌ ልወስድ ነው የመጣሁት!» አለችና በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።

ጊዜው የሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥር ወር ማለቂያ፣ ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። በዚያ ዓመት ፓርቲ እንደ አሸን ይፈላል። ከውጭ የገባው፣ ከእስር የወጣው፣ ጡረታው የሰለቸው ሁሉ ማኅተም ያስቀርጻል። የአዳማ አዳራሾች በሠርግ ወራት እንኳ ለሙሽራ አልደርስ ብለው በጉባኤ ተይዘዋል። በዚህ ሁሉ አዲስ ገቢ መሃል የወገን ኅብረት ፓርቲ አንጋፋ ነኝ ባይ ነው። የምርጫ ምልክቱ በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ስለሆነ ማንም በስሙ አይጠራውም፤ «የጋሪው ፓርቲ» ይሉታል።

የጋሪው ፓርቲ የተወለደው እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር፣ በዘርፉ አባት በአቶ ኢፋ ሳሎን ውስጥ ነው። ሲወለድ አራት ሰዎች ነበሩ፤ አቶ ኢፋ ራሳቸው፣ ከጦሩ የተቀነሱት ሻምበል ይፍሩ፣ የመስኖ ባለሙያው ኢንጂነር ገላና እና የሆሳዕናው ሰው መምህር ሀንዲሶ። ዘርፉ ያኔ ሻይ የምታቀርብ ልጅ ነበረች። አባቷ የሞቱ ዕለት ሦስቱ ጓደኞቻቸው ከመቃብር ሳይመለሱ እሷንና ታናሽ ወንድሟን ጉደታን ወደ አንድ ጥግ ጠርተው፣ «ከእንግዲህ አባቶቻችሁ እኛ ነን» አሏቸው። አባባል ብቻ አልነበረም። ጉደታን ሒሳብ ያስጠኑት መምህር ሀንዲሶ ናቸው፤ ሥራ ያስገቡት ኢንጂነር ገላና ናቸው፤ ዘርፉን መኪና መንዳት ያስተማሯት፣ በየኩርባው እየተቆጡ፣ ሻምበል ይፍሩ ናቸው። ዛሬ ተማሪ እያመላለሰች እናቷን አማረችን የምትጦርበትን ሚኒባስ ያገኘችው በዚያ ቁጣ ነው።

እና አሁን ጉደታ ሊያገባ ነው። ልጅቷ ሜቲ ትባላለች፤ ፋርማሲስት ናት፣ አባቷ ኦቦ ጀቤሳ የዓለም ጤና ሽንኩርት አምራች ናቸው። ሽማግሌ የተላከው ከጥምቀት በፊት ነበር፤ እነዚሁ ሦስቱ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚባል ሽማግሌ የለምና ኦቦ ጀቤሳም ቀጠሮ ሰጡ። «ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ተመለሱ። ያው እናንተው ሦስታችሁ። ቃላችሁም አንድ ይሁን።»

ሰውየው በቀጠሮ ቀልድ አያውቁም። አምና ከሌላ ቤት የተላኩ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ሶደሬ ጎራ ብለው ፍል ውኃ ሲነከሩ ቆይተው፣ ፀጉራቸው ሳይደርቅ ደጃፋቸው ቢደርሱ፣ «የታጠባችሁበት እደሩ» ብለው በሩን ዘግተውባቸዋል። ያ ቤት ሁለተኛ ሽማግሌ አልላከም፤ መላክም አይቻልም። ዘርፉ ይህን ታውቃለች። ዛሬ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል የጉደታ ነገር አለቀ ማለት ነው።

ሁለት ጊዜ የተላለፈው የፓርቲው ጉባኤ ከቀጠሮው ቀን ጋር ሲገጥም ሦስቱም አጽናንተዋት ነበር። «እስከ ስድስት ሰዓት እንጨርሳለን። ምን የሚያጣላን ነገር አለ ብለሽ ነው?» ብለዋት ነበር።

ያጣላቸው የየክልሉን ዕጩ ማን ይምረጥ የሚለው ነው። ሻምበል ከማዕከል ይመረጥ አሉ። ኢንጂነር ገላና እዚያው በክልሉ እንጂ አሉ። ለሻይ ዕረፍት የወጣው የኦሮሚያ ቅርንጫፍ ሻዩን ጠጥቶ ሳይመለስ ቀረና በጎን ክፍል አዲስ ፓርቲ መሠረተ። የደቡብ ቅርንጫፍ «ታዲያ እኛ የማንን እንጠብቃለን?» ብሎ ፎቁ ላይ ሌላ መሠረተ። በስተመጨረሻ ያጋጫቸው ምልክቱ ነበር። ኦሮሚያዎቹ ፈረሱን ወሰዱ፣ ደቡቦቹ ጎማውን፤ ለማዕከሉ የቀረው ፈረስም ጎማም የሌለው ጋሪ ነው። ምሳው እንደተከደነ ቀዘቀዘ።

ዘርፉ ሻምበልን ያገኘቻቸው ሰው በሌለበት አዳራሽ መድረክ ላይ ነው። ባጃቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ለጸሐፊው መግለጫ ያስጽፋሉ። «"ጥቂት አፈንጋጮች" ብለህ ጻፍ። ከ"ጥቂት" በኋላ "እዚህ ግባ የማይባሉ" ጨምርበት።»

«ሻምበል፣ ሰዓቱ ሄደብን።»

«የት ነው የምንሄደው ልጄ?»

«ዓለም ጤና!»

ሻምበል ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እነዚያስ?» አሉ።

«እነዚያ ማለት አባቶቼ ከሆኑ፣ አዎ፣ አሉ።»

ኢንጂነር ገላናን ፊት ለፊት ደረጃ ላይ ከደጋፊ ትከሻ አስወርዳ፣ መምህር ሀንዲሶን ከጓሮ በር ስልክ ካቀበላቸው ወጣት ፊት በክንዳቸው ይዛ አመጣች። ሦስቱም መኪናው አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። ጋቢና መቀመጥ ማዕረግ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሻምበል ነበሩ የሚቀመጡበት፣ ማንም ጠይቆም አያውቅም። አሁን ሦስት ሊቃነ መናብርት አንድ ጋቢና ያያሉ። አንዳቸውም አልደፈሩም፤ አንዳቸውም ለሌላው አልለቀቁም። ሦስቱም ከኋላ ገቡና በተማሪዎቹ ጠባብ ወንበር ላይ፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከመሃል፣ አንዱ ከጀርባ ተራርቀው ተቀመጡ። መምህር ሀንዲሶ የተረሳ የልጅ ምሳ ዕቃ አቅፈው ነበር። ጋቢናው ባዶውን ተጓዘ።

ከአዳማ ሲወጡ የጥር ነፋስ አቧራውን በመስኮት እያስገባ ሲያስቸግር ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ክቡር ኢንጂነር፣ መስኮቱን ቢዘጉልን።»

ዘርፉ በመስታወት አየቻቸው። እነዚህ ሰዎች በሕይወታቸው አንቱ ተባብለው አያውቁም።

«ክቡር ሊቀመንበር ካዘዙ ምን ይደረጋል» አሉ ኢንጂነር ገላና መስኮቱን እየዘጉ። «መቼም ትእዛዝ ከማዕከል ነው።»

«ክቡራን» አሉ መምህር ሀንዲሶ ከጀርባ፣ «ሙቀቱም የሚታሰብ ቢሆን መልካም ነበር።»

«የክቡርነትዎን አስተያየት በመግለጫ ያሳውቁን» አሉ ሻምበል።

ዘርፉ መሣቅም ማልቀስም አማራት። ይህ አንቱታ ከስድብ ይከፋል። ሰው የሚሳደበው ከቀረበው ጋር ነው፤ እነዚህ ግን እንደ ባዕድ መከባበር ጀምረዋል።

ሞጆ ሲደርሱ ነገሩ ፈረጠ። ሞጆ መንገድ የሚከፈልባት ከተማ ናት፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው በዚህ፣ ወደ ሐዋሳ የሚሄደው በዚያ። ወደ ደረቅ ወደቡ የሚገቡ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው፣ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ በነፋሱ እየመጣ፣ የሦስቱም ስልክ ባንድ ላይ ጮኸ። የሻምበል ሰዎች ለመግለጫ አዲስ አበባ ይፈልጓቸዋል። የመምህር ሀንዲሶ ሰዎች በፒክአፕ እዚሁ ሞጆ አደባባይ ላይ ቆመው ሐዋሳ ይዘዋቸው ሊበሩ ይጠብቃሉ። የኢንጂነር ገላና ሰዎች አዳማ ሆቴል ውስጥ ተቀምጠው ያለ እሳቸው ለፓርቲው ስም አናወጣም ብለዋል።

«አቁሚልኝ!» አሉ ሦስቱም። በዚያን ቀን በአንድ ቃል የተስማሙበት ይህ ብቻ ነበር።

ዘርፉ አቆመች። ሞተሩን አጠፋች፤ ቁልፉን ነቅላ ባዶው ጋቢና ላይ ወረወረችውና ዞራ ተቀመጠች።

«ውረዱ» አለች። «ከልቤ ነው፤ ውረዱ። ፓርቲያችሁን ከፈላችሁት፤ መብታችሁ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ። ፈረሱንም ጎማውንም ውሰዱት። እኔ ግን ያለኝ አንድ ወንድም ነው፤ እሱ አይከፈልም። አባቴን የቀበራችሁ ዕለት ምን እንዳላችሁን ረስታችሁት ይሆናል፤ እኔ አልረሳሁትም። "የኦሮሚያ አባትህ እኔ ነኝ፣ የደቡቡ እሱ ነው" አላላችሁትም። አባት በመግለጫ ይለያል እንዴ? ጉደታ አሁን እናቴ ጋ ቁጭ ብሎ ስልኩን እያየ ነው። ደውዬ ምን ልበለው? አባቶችህ ሞጆ ላይ ወረዱ ልበለው?»

እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች፤ ስላለቀሰች ደግሞ ተናደደች። ከኋላ የቆመ የከባድ መኪና ሹፌር ክላክስ አስጮኸና፣ «እናት፣ ሠርግ ነው እንዴ? ተነሺልን!» አለ።

«ሠርግ ነው!» አለች ዘርፉ በመስኮት ብቅ ብላ። «ሽማግሌ አጥቼ ነው የቆምኩት፤ አንተ ትሆነኛለህ?»

«ከጫንሽኝ ምን ከፋኝ!»

መጀመሪያ የሣቁት መምህር ሀንዲሶ ናቸው። ስልካቸውን አነሱ። «እናንተ ቅደሙ። አይ፣ ዛሬ አልመጣም። ልጅ ልድር ነው።» ኢንጂነር ገላና ቀጠሉ። «ስሙን ያለ እኔ አውጡት፤ ብቻ አታስረዝሙት። ካርድ ላይ የማይገባ ስም አልፈልግም።» ሻምበል ስልኩ ውስጥ የሚጮኸውን ድምፅ እስኪያልቅ ካዳመጡ በኋላ በርጋታ፣ «መግለጫው ለነገ ይደር» አሉ። «አፈንጋጮቹ የትም አያመልጡም፤ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጠዋል።»

ዘርፉ ቁልፉን ከጋቢናው አንስታ ሞተሩን አስነሳች። መንገዱን ወደ ቆቃ ያዘች።

ቆቃ ላይ ረሃባቸው ትዝ አላቸው። ሦስቱም ከማለዳ ጀምሮ የተናገሩ እንጂ የቀመሱ አይደሉም። መንገድ ዳር ዓሣ የሚጠብሱት ሴቶች መኪናዋን ሲያዩ ሮጠው መጡ። ዘርፉ ለየብቻ ልታዝዝላቸው አስባ ነበር፤ ሻጯ ግን ሳትጠይቅ በአንድ ሰፊ ትሪ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር፣ ትኩሱን አቀረበችው። ክቡራኑ ትሪውን አዩት። ከዚያ ከየወንበራቸው ተነስተው አንድ ወንበር ላይ ተጠጋጉ። ሆድ ፖለቲካ አያውቅም።

ሻምበል እንደ ወታደር ፈጥነው ነው የሚበሉት። ሦስተኛ ጉርሻቸው ላይ ኢንጂነር ገላና እጃቸውን ያዟቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ እሾኹን አውጣው እንጂ! ዛሬ ደግሞ ልትሞትብን ነው?»

አንተ። ሦስቱም ባሉበት ደረቁ። ኢንጂነር ገላና ያሉትን ሰሙና እጃቸውን ለቀቁ፣ ፊታቸው ቀላ። ሻምበል ጉርሻውን ውጠው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ «ብሞትማ ጋሪውንም ትወስደው ነበር፣ አንተ ሌባ» አሉ።

በዚህ ጊዜ የሣቁት ሣቅ እስከ ቆቃ ግድብ ሳይሰማ አልቀረም። መምህር ሀንዲሶ ዓሣ ትን ብሏቸው ሻምበል ጀርባቸውን ይደበድባሉ፣ ሻጯ ውኃ ይዛ ትሮጣለች፣ ዘርፉ ስቲሪንጉ ላይ ተደፍታ ሆዷን ይዛለች። እንደዚህ ሲሥቁ የሰማቻቸው አባቷ በሕይወት ሳሉ ነበር። ደስ አላት። በጣም ደስ አላት።

ደስታው ግን ዓለም ጤና ለመድረስ ጥቂት ሲቀር ሌላ ጣጣ አመጣ፤ ኦቦ ጀቤሳ ፊት ቆሞ የሚናገረው ማን ይሁን? ባለፈው ሻምበል ነበሩ የተናገሩት፣ ሊቀመንበር ስለሆኑ። ዛሬ ሁሉም ሊቀመንበር ነው።

«ድምፅ እንስጥ» አሉ መምህር ሀንዲሶ። ሰጡ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ድምፅ አገኙ።

«ይደገም» አሉ ኢንጂነር። ተደገመ። ያው ሆነ።

«በሁለተኛ ዙር እንኳ ራሳችሁን ነው የምትመርጡት?» አለች ዘርፉ።

«አንቺ ታዛቢ ነሽ፤ ታዛቢ አስተያየት አይሰጥም» አሏት ሻምበል።

በመጨረሻ ሥራው ተከፈለ። ሻምበል ይከፍታሉ፣ ኢንጂነር ገላና ይጠይቃሉ፣ መምህር ሀንዲሶ ይዘጋሉ። «እንግዲህ ይኼ ፌዴሬሽን ነው» አሉ ኢንጂነር ረክተው። «ኮንፌዴሬሽን ነው እንጂ» አሉ መምህር። ዘርፉ፣ «ስለ ፈጣሪ!» ብላ ነዳጁን ረገጠች።

ኦቦ ጀቤሳ ከደጃፋቸው ቆመው የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ግራጫ ኮት ለብሰው ከዘራ ይዘዋል። ከኋላቸው ዳሱ ሥር ሽንኩርት ተከምሯል፤ ከመስኖው ቦይ ማዶ የውኃ ፓምፕ ይንደቀደቃል። ሰዓቱ ዘጠኝ ሊሆን ጥቂት ይቀረው ነበር። ሰላምታቸው ሙሉ ነው፤ «ባጋ ነጋን ዱፍታን» ብለው እንኳን ደህና መጣችሁ አሏቸው፤ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ መንገዱን ጠየቁ። ስለ ጉባኤው ግን አንድም ቃል አልጠየቁም፤ ይህ ነው ዘርፉን ያስፈራት።

አዴ ሎሚ፣ የሜቲ እናት፣ ዘርፉን በእጇ ይዘው ወደ ጓዳ አስገቧት። ከሳሎኑ የሚለያቸው መጋረጃ ብቻ ነው። ሜቲ እዚያ ቆማለች፤ የሥራ ልብሷን ለመቀየር እንኳ ጊዜ ያላገኘች ትመስላለች። ስልኳን አሳየቻት፤ የጋሪው ፓርቲ ለሦስት መከፈሉ፣ ደረጃው ላይ የተነሳው ፎቶ፣ ሁሉ ወጥቷል።

«አባባ አይተውታል?» አለች ዘርፉ በሹክሹክታ።

«ከጠዋት ጀምሮ ሬድዮው ከጆሮው አልወረደም» አለች ሜቲ። ከዚያ የዘርፉን እጅ ያዘች። «ዘርፌ፣ ዛሬ እንቢ ካለ እኔ አባቴን አውቀዋለሁ፣ አይመለስም። እኔ ደግሞ ያለ ጉደታ ሌላ ሰው አላገባም። ሁለታችንም ግትር ነን፤ ቤታችን ነው የሚፈርሰው።»

ሽማግሌ እሺ እስኪባል አይቀመጥም። ሦስቱ ሰዎች ሳሎኑ መሃል፣ ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። ኦቦ ጀቤሳ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሻምበል ደረታቸውን ነፉ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ፤ ሃያ ዓመት በየመድረኩ አፋቸው የለመደውን ጀመሩ።

«እኛ የወገን ኅብረት ፓርቲ...»

«አካሄድ!» አሉ ኢንጂነር ገላና፣ እጃቸውን እንደ ጉባኤተኛ አውጥተው።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ!» አሉ መምህር ሀንዲሶ።

የሁለቱ እጅ እንደተሰቀለ፣ የሻምበል ከኋላቸው እንደተጣመረ ቀረ። ከጎረቤቶቹ አንዱ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ፤ ትከሻው ይነቃነቃል። ከመጋረጃው ወዲህ አዴ ሎሚ፣ «ዋቃዮ!» አሉና አፋቸውን ያዙ። ዘርፉ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት።

ኦቦ ጀቤሳ አልሣቁም። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ባለፈው ቃላችሁ አንድ ይሁን ብዬ ነበር» አሉ። «እኔ ይህን ያልኳችሁ ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ ፖለቲካችሁን አላውቅም። ሽማግሌ ለእኔ ጥያቄ አድራሽ አይደለም፤ ለዚያማ ስልክ ይበቃ ነበር። ሽማግሌ ዋስ ነው። ነገ ልጄና ልጃችሁ ቢጋጩ፣ መቼም ይጋጫሉ፣ እኩለ ቀንም ይሁን ሌሊት የምጠራው እናንተን ነው። ዛሬ ጠዋት የራሳችሁን ቤት ማስታረቅ ያቃታችሁ ሰዎች የልጄን ቤት እንዴት ነው የምታስታርቁልኝ?»

ሻምበል እጃቸውን ከኋላ ፈቱ። የነፉት ደረት ተመለሰ፤ ዘርፉ ባንድ ጊዜ ያረጁ መሰሏት። ሲናገሩ ግን ድምፃቸው የመድረክ አልነበረም።

«እውነትዎን ነው። ፓርቲውን ማስተዳደር አልቻልንበትም፤ ይኼን ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ እናገራለሁ። ሞጆ ላይ ሦስታችንም ወርደን በየመንገዳችን ልንሄድ ነበር። መግለጫ ይጠብቀኝ ነበር፤ አሁንም ይጠብቀኛል። ያልወረድኩት ጉደታ ልጄ ስለሆነ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«እኔ ደግሞ» አሉ ኢንጂነር ገላና፣ በአፋን ኦሮሞ ጀምረው ለባልደረቦቻቸው ሲሉ ወደ አማርኛ እየመለሱ፣ «በሚመጣው ምርጫ እነዚህን ሁለት ሰዎች ላሸንፋቸው እፈልጋለሁ። አልዋሽዎትም፤ ከሥራቸው ልነቅላቸው ነው የምፈልገው። ግን ጉደታን አንድ ነገር ቢያገኘው መጀመሪያ የምደውለው ለእነሱ ነው።»

መምህር ሀንዲሶ የመዝጊያ ንግግር አዘጋጅተው ነበር፤ ዘርፉ መኪና ውስጥ ሲያጉተመትሙ ሰምታቸዋለች። ረሱት። «ልጁ ጥሩ ልጅ ነው» አሉ ብቻ። «ሒሳብ ግን አይወድም።»

ኦቦ ጀቤሳ ሦስቱን በየተራ አዩ። ፓምፑ ይሰማል። ሜቲ የዘርፉን እጅ ስትጨብጥ ጥፍሯ ገባ።

«እንግዲያው» አሉ ኦቦ ጀቤሳ፣ «አንድ ቃላችሁን አልፈልገውም።»

ሜቲ ዓይኗን ጨፈነች።

«አንድ ቃል ዛሬ አየነው፤ እስከ ምሳ አይቆይም። ሦስት ቃል ነው የምፈልገው። ለየብቻ። አንድ ሆናችሁ ብትምሉልኝ የተለያያችሁ ቀን ዋስ አጣለሁ። ለየራሳችሁ ብትምሉልኝ ግን ሁለታችሁ ብትኳረፉ ሦስተኛው ይቀርልኛል። ከተለያያችሁ አይቀር ለልጆቹ ይጥቀማቸው።» ከወንበራቸው ተነሱ፤ ከዘራቸውን ለጎረቤታቸው ሰጡና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። «ሻምበል፣ እርስዎ ለብቻዎ፣ የዚህ ልጅ አባት ነዎት?»

«ነኝ።»

«ኢንጂነር፣ እርስዎስ? ያለ እነሱ?»

«ነኝ፤ ያለ እነሱም፣ ከእነሱም ጋር።»

«መምህር?»

መምህር ሀንዲሶ የተዘረጋውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

ኦቦ ጀቤሳ ወደ ወንበሮቹ አመለከቱ። «ታአ» አሉ። ተቀመጡ።

የአዴ ሎሚ እልልታ ከጓዳ ሲወጣ ዶሮዎቹ ከዳሱ በረሩ። ጎረቤት ሴቶች ከአጥሩ ማዶ ተቀበሉት፤ ምን እንደሆነ ገና ሳይጠይቁ። ሜቲ ዘርፉን አቅፋ ትዘላለች፣ የሥራ ልብሷ ኪስ ውስጥ ያለው እስክሪብቶ ዘርፉን ወጋት፤ ዘርፉ ግድ አልሰጣትም፣ እሷም ትዘላለች። ሳሎን ውስጥ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ እንኳን አብሮ ደስ ያለን ተባለ፤ መቀመጫ ተጠጋጋ፤ ማርና ቅቤ መጣ።

የሠርጉ ቀን ለመቁረጥ ጊዜ አልፈጀም፤ ሽንኩርቱ በተነሳ ማግሥት ይሁን ተባለ፣ ሁሉም ተስማማ። ከዚያ ወዲያ ግን ከሳሎኑ ጩኸት ይሰማ ጀመር። ዘርፉ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች። ሻምበል ቆመዋል። ኢንጂነር ገላና እጃቸውን አውጥተው «አካሄድ! አካሄድ!» ይላሉ። መምህር ሀንዲሶ የቅቤውን ሳህን በማንኪያ እየመቱ ሥርዓት ያስከብራሉ። ኦቦ ጀቤሳ መሃል ተቀምጠው፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጥርሳቸው እስኪታይ ይሥቃሉ።

ስልኳ ጠራ። ጉደታ ነው።

«ዘርፌ! ምን ሆነ? ለምንድነው የማታነሺው? እማዬ ልትሞት ነው እዚህ።» ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከዚያ አዳመጠ። «ምንድነው የምሰማው ጩኸት? ተጣሉ እንዴ? ኦቦ ጀቤሳ ፊት ተጣሉ?»

ዘርፉ ስልኩ ሳሎኑን በደንብ እንዲያሰማው መጋረጃውን ከፍ አደረገችለት።

«ተጣልተዋል» አለችው እየሣቀች፣ እያለቀሰችም። «በጣም ተጣልተዋል። በሠርግህ ቀን በአባትህ ወንበር የሚቀመጠው ማን ነው በሚል።»